አያ ካታና የጓሮው አፈር

ወይንሸት ቫኗን ከአትላንታ አየር ማረፊያ አጠገብ ካለው ከኢስት ፖይንት አስወጥታ ወደ ሀይዌዩ ስታስገባ ዓይኗ ከፊቷ ካለው መንገድ ይልቅ ከላይ ባለው መስታወት ላይ ነበር። መስታወቱ ውስጥ ከሰውየው ሌላ የሚታይ ነገር የለም። የመካከለኛውን ወንበር ለብቻው ሞልቶ፣ ሆዱ ላይ ደርሶ አልዘጋ ያለውን ቀበቶ ጫፉን ጨብጦ ወደ ውጭ ያያል። ወይንሸት የአየር ማረፊያ መንገደኛ ስታመላልስ የኖረች ሴት ናት፤ የሚነጫነጨውንም፣ የሚያንኮራፋውንም፣ የሰከረውንም ጭናለች። እንዲህ ያለ ዝምተኛ ግን ጭና አታውቅም፤ ዝምተኛ ሰው ደግሞ ነፍሷ አይወድም።

«ፖሊስ ካስቆመን ቲኬቱ የኔ ነው» አለች። «ንገሪያቸው እስቲ ሊና፣ ቀበቶውን ትንሽ ሳብ ያድርጉት።»

«እትዬ፣ ተስቦ ተስቦ አለቀ እኮ!» አለች ሊና ከኋላ። ሊና የጎረቤታቸው የበድሩ ልጅ ናት። ወሎዬው አባቷ ነርስ ትሆንልኛለች ብሎ ዩኒቨርሲቲ ቢልካት የጃፓን ቋንቋ ተምራ ወጣች፤ ትምህርቷ ሰው ሲጠቅም የዛሬው የመጀመሪያው ነው። «ላይክ፣ እሱ ምን ያድርግ?»

«እሳቸው በይ። አባትሽ አላሳደገሽም?»

ይህን ያለችው ለወጉ ነው። እሷ ራሷ ሰውየውን በአፏ እርስዎ ብትለውም በልቧ ገና ከአንተ አላሳለፈችውም።

ስሙ ሚዞሬያማ ነው። እናት አባቱ ያወጡለት ሳይሆን ጃፓን በሱሞ ትግል ሜዳ ያገኘው፣ እንደ ድሮ መኳንንት የፈረስ ስም ያለ ነገር ነው። በተማሪዎቹ ዘንድ ግን ኦያካታ ነው የሚባለው፤ ጌታም፣ አስተማሪም፣ አባትም ማለት ነው አሉ። ወይንሸት ይህን ማዕረግ መጀመሪያ ከልጇ አፍ ስትሰማ «አያ ካታ» ነው የመሰላት፤ እንደመሰላትም ቀረ። አያ ሲባል ደግሞ ቀድሞ የሚመጣባት አያ ጅቦ ነው። ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ? ይኸው ለዚህኛው ወንበር አጠፍንለት ብላ አሰበች።

ከጎኗ የተቀመጠው ልጇ ሕሩይ ጉልበቱን ከዳሽቦርዱ ጋር አጣብቆ እንግዳውን ሊያስተዋውቅላት ይጥራል። «ከሁሉም በላይ ዮኮዙና ነው ማሚ። ከሱ ቀጥሎ ኦዜኪ፣ ከዚያ ሴኪዋኬ። ኦያካታ ሴኪዋኬ ደርሰዋል። ዱ ዩ ኖው ሀው ሀርድ ዛት ኢዝ?»

«ዮኮዙና ንጉሥ ነው በለኛ። ኦዜኪ ራስ፣ ሴኪዋኬ ደጃዝማች።»

«ኤግዛክትሊ!»

«ታዲያ ደጃዝማች ከሆኑ በኋላ ራስ ሳይባሉ የቀሩት ለምንድን ነው?»

ሕሩይ ወደ መስኮቱ ዞረ። መስታወቱ ውስጥ ያለው ሰውዬ የተጠየቀው የገባው ይመስል ፊቱን ወደ እሷ መለሰ። ወይንሸት መሪውን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። መልሱን ታውቀዋለች። ጓደኛዋ ቲጂ ትናንት አንድ ነገር ከኢንተርኔት አውጥታ ልካላት ነበር፤ ሰውየው ራስ ሊባል አንዲት ግጥሚያ ሲቀረው ሆን ብሎ ወደቀ፣ ግጥሚያዋን ሸጣት፣ ተብሎ በአገሩ ይታማ ነበር የሚል።

ነገሩ ቀላል ቢሆን ኖሮ ወይንሸት ይህን ሁሉ ባላሰበች። ሕሩይ አንድያ ልጇ ነው። አባቱ ይገዙ ሲሞት በአንድ ክንዷ ታቅፋው ቀብር ቆማለች፤ አሁን በሁለት እጇም አትዞረውም። ኬኔሶ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ አሜሪካዊ ጓደኞቹ ባቋቋሙት የሱሞ ክበብ ውስጥ ተጠምዶ፣ ይኸው ቶኪዮ ሄጄ ታጋይ ካልሆንኩ ብሏል። በዚያ አገር እያንዳንዱ የታጋዮች ቤት ከአንድ የውጭ አገር ሰው በላይ አይቀበልም፤ የሚዞሬያማ ቤት ያቺ አንዷ ቦታ ክፍት ናት። ሰውየው ነገ ወደ አገሩ ይበራል። ልጁ ለአቅመ አዳም የደረሰ፣ የማንንም ፈቃድ የማይሻ ሆኖ ሳለ፣ «ከእናቱ አፍ ካልሰማሁ አልወስደውም» ብሎ ይኸው ቤቷ ድረስ መጣ። ይህ ራሱ አንገበገባት። አያ ጅቦ፣ ሳታመኻኝ ብላኝ! ሊወስደው ከሆነ ምርቃቷን ምን ሊያደርግለት ነው?

አቮንዴል ሲደርሱ ቤቱም፣ መኪኖቹም፣ የበረንዳው ወንበሮችም የጥድ ብናኝ ለብሰው ቢጫ ሆነዋል። ሚዞሬያማ ከቫኑ ሲወርድ ቫኑ ተነፈሰና ከፍ አለ። ቤት ግባ ቢሉት መጀመሪያ ጓሮውን አሳዩኝ አለ።

ጓሮው ውስጥ ሕሩይ ከክበቡ ልጆች ጋር የሠራው የትግል መደብ አለ። የጆርጂያን ቀይ አፈር ደልድለው፣ ጠቅጥቀው፣ ዙሪያውን የጃፓኖቹ የገለባ ገመድ ቢጠፋቸው የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ ቀብረውበታል። ሰውየው ጎማውን አይቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ከዚያ ለሊና አንድ ነገር አላት።

«ብቻዬን ልሁን ነው የሚለው... የሚሉት» አለች ሊና። «ነገ ጠዋት ከመሄዳቸው በፊት ሕሩይን እዚህ ላይ ሊያዩት ነው። እና መደቡን፣ አይ ዶንት ኖው፣ ሊያዘጋጁት ነው።»

ልጆቹ ሳሎን ገቡ። ወይንሸት ግን የታጠበ ብርጭቆ ደግማ እያጠበች ከወጥ ቤቱ መስኮት ቆመች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ይህች አባባል ከሱዳን በረሃ እስከ አትላንታ ድረስ አብራት የመጣች ስንቋ ናት።

ሰውየው ጫማውን አውልቆ ወደ መደቡ መሃል ገባ። ከሰማያዊው የጥጥ ቀሚሱ እጅጌ ነጭ የወረቀት ጥቅልል አወጣ። በሕሩይ የአትክልት መቆፈሪያ ጠባብ ጉድጓድ ማሰ፣ ጥቅልሉን አስቀመጠበት፣ አፈር መለሰበት፣ በእጁ መዳፍ ደመደመው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ጀመር።

ብርጭቆው ከወይንሸት እጅ አምልጦ መታጠቢያው ውስጥ ተንኳኳ።

«ቲጂ» አለች ስልኩን አፏ ላይ ለጥፋ። «ቀበረ።»

«ምኑን?»

«እኔ ምኑን አውቃለሁ! በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር፣ ልጄ ነገ በሚቆምበት ቦታ ላይ ቀበረና ደገመበት። በዓይኔ በብረቱ አየሁ።»

«ኦ ማይ ጋድ! ወይንዬ፣ ነግሬሽ ነበር። ልጁ እኮ እንዲሁ በጤናው እናቱን ጥሎ ልሂድ አላለም። አፍዝ አደንግዝ ነው! ረግጦት ከዋለማ አለቀልሽ። አውጪው፣ ዛሬውኑ ቸርች ውሰጂው፣ ቄስ ይዩት።»

ሕሩይ እንግዳውን ሐይቁን ላሳያቸው ብሎ ከነሊና ይዟቸው ሲወጣ ወይንሸት በሥራ ጫማዋ፣ በሽርጧ፣ ወደ ጓሮ ወጣች። አላመነታችም። ጎማውን ተሻግራ መሃል ድረስ ሄደችና ተንበርክካ ቆፈረች። «በስመ አብ» ትላለች፣ ትቆፍራለች።

ወረቀቱን ስትፈታው ጨው ነው። ከጨው ጋር የታጠበ ሩዝ፣ ሁለት ሦስት የደረቁ ፍሬዎች፣ እንደ ቆዳ የጠነከረ ጥቁር ቅጠል። ከሥሩ ደግሞ ጠፍጣፋ፣ የደረቀ፣ እግረ ብዙ የሆነ ፍጡር ወጣ። ወይንሸት ጮኸች። ማንም አልሰማትም። ሁሉንም ጠቅልላ ፌስታል ውስጥ ከተተች፣ ጉድጓዱን ደፈነች፣ ፌስታሉን ከእቃ ማጠቢያው ሥር ካለው በረኪና ጀርባ ደበቀች። እጇን በሳሙና ሁለቴ ታጠበች።

ሲመለሱ ሻይ አቀረበች። ሚዞሬያማ ሶፋው እንዳይሰበር ፈርቶ ይሁን ልማዱ ሆኖ፣ ምንጣፉ ላይ እግሩን አጥፎ ተቀመጠ። ግራ ጉልበቱ እሺ ስላላለው ወደ ጎን ዘረጋው። ወይንሸት ፊት ለፊቱ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሊና፣ አንዲት ነገር ልጠይቃቸው ነው። ሳትቀንሺ፣ ሳትጨምሪ፣ እንዳልኩት አድርገሽ ንገሪያቸው። ራስ ሊባሉ ሲሉ ያቺን የመጨረሻ ግጥሚያ ሸጠዋታል ይባላል። እውነት ነው ወይ?»

«ማሚ!» አለ ሕሩይ ብድግ ብሎ።

«እትዬ፣ ኖ፣ እንደዚህ ብዬ ለሳቸው አልናገርም።»

«ልጄን የምሰጠው እኔ ነኝ። ተናገሪ።»

ሊና ፊቷ ቀልቶ፣ ድምጿ ወርዶ ተናገረች። ሰውየው የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አስቀመጠ። አልተቆጣም። ቀስ እያለ መናገር ጀመረ፤ ሊናም ተከተለችው።

ሚዞሬያማ የዓሣ አጥማጅ ልጅ ነው። አገሩ የባሕር ጠረፍ፣ የትግል ስሙ እንደሚለው በረዶና ዝናብ ተቀላቅሎ የሚወርድበት ሰሜን ነው። ጃፓኖቹ ሾዋ በሚሉት ንጉሠ ነገሥት ዘመን መጨረሻ፣ ገና ጢሙ ሳይበቅል፣ አንድ የታጋዮች ጌታ ከቶኪዮ መጥቶ ከአባቱ ጋር ተማከረና ወሰደው። እናቱን ማንም አልጠየቃትም። ባቡር ጣቢያ ድረስ ሸኘችው፤ እጇን ግን አላውለበለበችም። እስክትሞት ድረስ አንድም ትግሉን አላየችም፤ ቴሌቪዥኑ ሲከፈት ተነሥታ ትወጣ ነበር።

«ስለዚህ ነው ከእናቱ አፍ ካልሰማሁ ያልኩት ይላል» አለች ሊና።

ወይንሸት ሻይዋን አማሰለች። ይህንን አልጠየቀችውም። ደግሞ እንዲህ ያለ ታሪክ ማንም ይፈጥራል ብላ አሰበች።

ሰውየው ቀጠለ። ሴኪዋኬ ሆነ። ሐር ታጠቀ፣ ጀርባውን የሚያጥቡት፣ ዣንጥላ የሚይዙለት ሎሌዎች አገኘ። ያቺን ግጥሚያ ቢያሸንፍ ኦዜኪ ይባላል። ተቃራኒው ከልጅነቱ ከአንድ ድስት የበላ ጓደኛው ነበር፤ ጓደኛው ደግሞ ከተሸነፈ ከማዕረጉ ይወርዳል። ገጠሙ። ገፋው፤ ጓደኛው ጠርዝ ላይ ደረሰ። በዚያች ቅጽበት ግራ ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር ተበጠሰና ሚዞሬያማ በአፍጢሙ ተደፋ።

«አልሸጥኩም ይላል። ግን ማንን ላሳምን? ጉልበቴ ከዳኝ ብል፣ ለወዳጁ ሲል ነው አሉ። ዝም ብል፣ አምኗል አሉ። የታማ ሰው ዋስ የለውም ይላል።»

ከዚያ በኋላ ያለው መውረድ ብቻ ነው። ጉልበቱ አልዳነም። ከሐር ወደ ጥጥ፣ ከራሱ ክፍል ወደ ወለል ወረደ፤ ትናንት ጀርባውን ያጥቡት የነበሩትን ተራው ደርሶ ጀርባቸውን አጠበ። ደጃዝማቹ እግረኛ ወታደር ሆነ ማለት ነው። ጸጉሩን ተቆርጦ ከትግል ሲሰናበትም ሰዉ የሚያወራው ስለዚያች ግጥሚያ ነበር።

«እሺ» አለች ወይንሸት። «በዚህ ሁሉ ውስጥ የኔ ልጅ ምን አገባው? ወፍራም ልጅ በአገራቸው ጠፍቶ ነው?»

ሚዞሬያማ ይህን ሲሰማ ወደ ሕሩይ ዞር አለ። «አልነገርካቸውም?» አለ በተሰባበረ እንግሊዝኛ።

ሕሩይ ጣቶቹን ያያል።

ታሪኩን የነገረቻት ሊና ናት፤ ሰውየው እየተናገረ፣ እሷ እየተረጎመች። ባለፈው ክረምት ኬኔሶ በተደረገው ውድድር ሚዞሬያማ በክብር እንግድነት ተቀምጦ ነበር። ሕሩይ የመጨረሻውን ተጋጣሚ ይዞ ከመደቡ ውጭ ጣለው። አዳራሹ ጮኸ፣ ዳኛው የሕሩይን እጅ አነሣ። ሕሩይ ግን እጁን አውርዶ ለዳኛው አንድ ነገር ነገረው። ተረከዜ ቀድሞ ወጥቷል ነው ያለው፤ ቀድሞ ከመደቡ የወጣ ደግሞ ተሸናፊ ነው። ማንም አላየም ነበር። ዳኛው እንኳ ተው እንጂ አይነት ሳቀ። ሕሩይ አሻራውን አሳየው፤ ከመደቡ ጠርዝ ውጭ፣ አሸዋው ላይ፣ ግማሽ ተረከዝ። ዋንጫው ለሌላው ተሰጠ።

«በቤቴ ስንት ልጅ አሳደግኩ፣ ጠንካራም፣ ፈጣንም አለ። እግሩ ወጥቶ ማንም ሳያይ ወጣሁ ያለ ግን አልገጠመኝም። እንደኔ እንዳይታማ የምፈራለት ልጅ አይደለም ይላል። ይሄ ልጅ ቢወድቅ፣ ወደቀ ነው የሚባለው።»

ወይንሸት ልጇን አየችው። «ተሸነፍኩ ብለህ አይደል እንዴ የመጣኸው? ምስር ወጥ እንኳ አልበላም ብለህ ተኛህ።»

«ተሸንፌ ነበራ፣ ማሚ።»

 የወይንሸት ደረት ሞቀ፤ ኩራት ነው። ኩራቱ ሳይበርድ ሌላ ነገር ከሥሩ መጣባት። ከእቃ ማጠቢያው ሥር፣ ከበረኪናው ጀርባ ያለው ፌስታል።

ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ጉድጓዱን ደህና አድርጋ ደፍናዋለች። ነገ ልጁ ይቆምበታል፣ ሰውየው ያየዋል፣ ይበራል፤ ፌስታሉ ከቆሻሻው ጋር ይሄዳል። ይህን ሁሉ በልቧ ቆጠረችውና ልጇን መልሳ አየችው። ብድግ አለች።

ፌስታሉን ይዛ ስትመለስ ሁሉም ዞረው አዩዋት። ጥቅልሉን ከሰውየው ፊት ምንጣፉ ላይ አኖረችው። ነጩ ወረቀት ቀይ አፈር ጠጥቷል።

«እኔ ነኝ ያወጣሁት። መተት መስሎኝ ነው።»

«ማሚ፣ ወት ዲድ ዩ ዱ!» ሕሩይ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

«እትዬ፣ መተት አይደለም እኮ» አለች ሊና ልታለቅስ ምንም ሳይቀራት። «ለመሬቱ የሚሰጥ ነው። ጨው፣ ሩዝ፣ የባሕር ቅጠል፣ ስኩዊድ የሚባል የደረቀ የባሕር እንስሳ። እዚያ ላይ የሚቆም ሰው እንዳይጎዳ ብለው ይቀብሩታል፣ ይጸልያሉ። ደግሞ...» አቆመች።

«ደግሞ ምን?»

«ሴት መደቡ ላይ አትወጣም። ማለቴ፣ እኔ ራሴ አልስማማበትም፣ ኦኬ? ግን ለነሱ፣ ላይክ፣ ቅዱስ ቦታ ነው። ጫማ እንኳ...»

ወይንሸት የሥራ ጫማዋን አየች። ቀይ አፈር ጠርዙን ዞሮታል። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ነገር ላይገባው ይችል ይሆናል፤ ለእሷ ግን የሚያስረዳት ሰው አያስፈልጋትም። ጫማዋን ሳታወልቅ ቤተ ክርስቲያን ገብታ አታውቅም። መቅደሱን እንኳንስ ልትረግጥ መጋረጃው ሲከፈት ዓይኗን ትሰብራለች። እንዲህ ያለች ሴት፣ ያውም በሁዳዴ ጾም፣ የሰውን መቅደስ በጫማዋ ገብታ ከመሃሉ ቆፈረች። ጆሮዋ ድረስ እፍረት ወረራት። ወንበሩ ላይ መቀመጥ ከበዳትና ምንጣፉ ላይ፣ ፊት ለፊታቸው ወረደች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አያ» አለች። በዚህች ጊዜ አያ ማለቷ ከአፏ ብቻ አልነበረም።

ሽማግሌው ጥቅልሉን አነሡ። የቀረውን ጨው በጣታቸው ነካ አደረጉ። ፊታቸው ከበደ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወይንሸት የሚያለቅሱ መሰላት። ሳቅ ነበር።

«ምንድን ነው የሚሉት?»

ሊናም መሳቅ ጀምራለች። «ዕድሜዬን ሙሉ ወጥቼ ነበር የሚለኝ ሰው ስፈልግ ኖሬ፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት አገኘሁ ነው የሚሉት። ልጁ ከየት እንዳመጣው አሁን ገባኝ ብለዋል። መደቡን ደግሞ እሳቸው መልሰው ይቀድሱታል።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን ጨርሰው ቀና አሉ። ተረጋግተው ጉልበታቸው ላይ እጃቸውን አሳረፉና ጠበቁ። የመጡበትን ነገር አልረሱም።

ወይንሸት አፍንጫዋን በሽርጧ ጠረገች። «ይመቱታል?»

«በቤቴ ዱላ ነበር» አሉ ሽማግሌው በሊና አፍ፣ «ከቀድሞው ጌታ የወረስኩት። ቤቱን በተረከብኩ ቀን ሰብሬ አነደድኩት።»

«ቢታመምስ?»

«ሐኪም ቤት አብሬው የማድረው እኔ ነኝ።»

«ጾሙን ምን ሊያደርግ ነው?»

ይህን ለመተርጎም ሊና ተቸገረች፤ ሽማግሌው ግን ሲገባቸው ፊታቸው በራ። ታጋዮች ጠዋት እህል አይቀምሱም፤ ተነሥተው እስከ ቀትር በባዶ ሆድ ነው የሚሠሩት።

«እስከ ቀትር?» አለች ወይንሸት። «ይሄ ልጅ እኔ ቤት እስከ ሦስት ሰዓት ጾሞ አያውቅም እኮ! እዚያስ በምን ይፈታል?»

«ድስቱ ብዙ ነው። ለሱ ያለ ሥጋ ይሠራለታል። መጀመሪያ ግን ለሌሎቹ እሱ ነው የሚያበስለው፣ የሚበላውም መጨረሻ ነው። ጀማሪ ስለሆነ።»

«ይገባዋል» አለች። ሕሩይ ፈገግ አለ። «ቤተ ክርስቲያንስ? የኛ ቤተ ክርስቲያን እዚያ አለ?»

ሽማግሌው አሰቡ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አላውቅም» አሉ፣ ሊናን ሳይጠብቁ፣ በራሳቸው እንግሊዝኛ። «እፈልግለታለሁ።»

ይህች መልስ ናት የጎዳቻት። ውሸታም ቢሆኑ «አለ» ባሉ ነበር፤ ስንት ሰው የሌለውን አለ እያለ አታሏታል። እኚህ ሰው አላውቅም አሉ።

«ሌላስ፣ ማሚ?» አለ ሕሩይ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

ሌላ ለማግኘት ሞከረች። ዝምታቸውን፣ አመጣጣቸውን፣ ሐሜቱን፣ ጨውን፣ ሁሉንም እንደገና ፈተሸች፤ የምትይዘው አጣች። ለካ እስካሁን ልጁን ቤት ያቆየላት ጥርጣሬዋ ነው፤ እየጠረጠረች ሳለች ልጁ የትም አይሄድም ነበር። ቢዋሹ ምናለ! አንዲት ውሸት ብታገኝባቸው ብድግ ብላ ወደ አየር ማረፊያ በመለሰቻቸው፣ ልጇም ነገ ማታ እዚህ ሶፋ ላይ በተኛ።

«የለም» አለች። «ሌላ የለኝም። ይውሰዱት።»

ሊና የመጨረሻዋን ቃል ሳትተረጉም ሽማግሌው ግንባራቸውን ምንጣፉ እስኪነካ ድረስ አጎነበሱ። ከዚያ ያንን የተጎዳ ጉልበታቸውን እየጎተቱ ተነሥተው ጥቅልሉን ይዘው ወደ ጓሮ ወጡ፤ ሊናም በሩን ዘግታ ተከተለቻቸው። ሕሩይ ከእናቱ ጎን መሬት ላይ ሲቀመጥ ወለሉ ሲጢጥ አለ። ወይንሸት ክንዷን አሻገረችለት፤ ክንዷ ግን ትከሻውን ዞሮ አልደረሰላትም። የደረሰችበትን ያህል ጨብጣ፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች።